«ወድቋል» የምትለዋ ቃልና አራቱ ቁጥሮች

አሮጌ መኪና ይዘን ገና ብዙ ዓመት እንኖራለን። ይህን የምለው ትንቢት ለመናገር አምሮኝ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት ለብዙ ሰው የማይሞከር አደረገው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አሳወቀ። የቻለ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል፣ ይገዛል። ያልቻለው ግን በእጁ ያለችውን እየጠገነ ይነዳል። ያቺ መኪና ከእሱ በኋላ ለታናሽ ወንድሙ፣ ከዚያም ለሌላ ገዢ ትተላለፋለች እንጂ ቁርጥራጭ ብረት አትሆንም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የተሠሩ ኮሮላዎች ዛሬም በከተማችን ሲሠሩ የምናየው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ በቁም ነገር ልንነጋገርበት የሚገባው ጥያቄ «አሮጌ መኪኖች መቼ ይጠፋሉ?» የሚለው አይደለም። «እስኪጠፉ ድረስ ጭሳቸውን ማን ይጠብቃል?» የሚለው ነው።

መልሱ በወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ። መኪናህን ትወስዳለህ፣ ፍሬኑ ይታያል፣ መብራቱ ይታያል፣ ጭሱ ይለካል፣ ካለፈ ቦሎህን ትለጥፋለህ። ካላለፈ ጠግነህ ትመለሳለህ። እኔም ዘንድሮ «ጠግነህ ተመለስ» ከተባሉት አንዱ ነበርኩ። በዚያ ሳምንት ያየሁትን የምጽፈው የግል ብሶቴን ለማሰማት አይደለም። የመለኪያ መሣሪያው በትክክል የተናገረው ነገር መካኒኩ ጆሮ ሳይደርስ መንገድ ላይ እንደሚቀር፣ በዚያ ክፍተትም አንድ ሙሉ ገበያ እንደቆመ ስላየሁ ነው።

መኪናዬ እ.ኤ.አ. በ2003 የተሠራች፣ ከአውሮፓ የመጣች ያሪስ ናት። ለጋዜጠኛ፣ ያውም ደመወዝ ለሌለው ጋዜጠኛ፣ መኪና ማለት ቢሮ ነው። ቃለ መጠይቅ አድራጊም፣ ፎቶ አንሺም፣ ሹፌርም ሆኜ የምሠራው በእሷ ነው። ከምርመራው ጥቂት ሳምንታት በፊት ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ቆማ ስትሠራ፣ መንቀጥቀጥ ጀምራ ነበር። ዳገት ላይ ታቅማማለች። ቼክ ኢንጂን የሚባለው ቢጫ መብራት አንዳንዴ በርቶ ይቆያል፣ አንዳንዴ ብልጭ ድርግም ይላል። መካኒኮቻችን ይህን «ሚስ ታደርጋለች» ይሉታል። ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ የገባለትን ቤንዚን ሳያቃጥል ያሳልፋል፤ ሞተሩ በሦስት እግሩ ይሄዳል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ጋራዥ፣ ስሙን አልጠራም፣ አራቱንም ካንዴላ ቀየረ። በ3,600 ብር። መብራቱ ጠፋ። በማግስቱ ተመልሶ በራ። ከዚያ «የኦክስጅን ሴንሰሩ ነው» ተባለ። ያገለገለ ሴንሰር በ8,500 ብር ገባ። የእጅ ዋጋ 2,500 ብር። መብራቱ አሁንም ጠፋ። ምርመራ ሄድኩ። ወደቀች።

የምርመራው ሠራተኛ የነገረኝ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ወድቋል»። ምኑ እንደወደቀ ስጠይቀው «ጭሱ» አለኝ። የጭሱ ምን? «ጭሱ ነዋ፣ ጋራዥ ወስደህ አሠራው።» ከማሽኑ የወጣው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነበር። እንዲሰጠኝ ጠየቅኩ። ትንሽ ግራ ገባው፤ የሚጠይቀው ሰው የሚበዛ አይመስለኝም። ሰጠኝ።

ወረቀቱ ላይ አራት ቁጥሮች አሉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ 2.1 በመቶ። ሃይድሮካርቦን 1,240። ካርቦን ዳይኦክሳይድ 9.8 በመቶ። ኦክስጅን 6 በመቶ። ለብዙ ሰው ይህ የሐኪም እጅ ጽሑፍ ነው። ግን ማንበብ ለሚችል የበሽታውን ስም ይናገራል።

እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው። ሃይድሮካርቦን ማለት በቀላሉ ያልተቃጠለ ቤንዚን ነው። ቁጥሩ የሚነግረን ከአንድ ሚሊዮን የጭስ ክፍል ውስጥ ስንቱ ጥሬ ነዳጅ እንደሆነ ነው። በንጽጽር፣ በብሪታንያ ዓመታዊ ምርመራ ካታሊስት ላላቸው የቤንዚን መኪኖች ጣሪያው 200 ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ በግማሽ የተቃጠለ ነዳጅ ነው፤ ቤንዚኑ በዝቶ አየሩ ሲያንስ ይጨምራል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደንብ የተቃጠለው ነው፤ ጤነኛ የቤንዚን ሞተር ከ14 እስከ 15 በመቶ አካባቢ ያሳያል። ኦክስጅን ደግሞ ሳይሠራበት የወጣ አየር ነው፤ ጤነኛ ሞተር ላይ ከአንድ በመቶ በታች ይሆናል።

አሁን የእኔን ወረቀት መልሳችሁ እዩት። ጥሬ ቤንዚንም በዝቷል፣ ያልተነካ ኦክስጅንም በዝቷል። ነዳጁም አየሩም ገብተዋል፣ ግን አልተገናኙም፤ ማለትም እሳት አልነካቸውም። አንድ ሲሊንደር ውስጥ ብልጭታ የለም ወይም ደካማ ነው። ወረቀቱ «ሚስ ታደርጋለች፣ መጀመሪያ የእሳቱን መንገድ እዩ» እያለ ነው። ይህን ለማወቅ የእጅ ዋጋ ሳይጨምር አሥራ ሁለት ሺህ ብር የሚያወጣ ዕቃ መቀየር አያስፈልግም ነበር። አራት ቁጥር ማንበብ ይበቃል።

ካርቦን ሞኖክሳይዱስ ለምን ጨመረ? እዚህ ላይ ነገሩ ደስ የሚል ተንኮል አለው። ያልተቃጠለው ሲሊንደር ኦክስጅኑን እንዳለ ወደ ጭስ ማውጫው ይልካል። የኦክስጅን ሴንሰሩ ያንን ያይና «አየር በዝቷል» ብሎ ለኮምፒውተሩ ይናገራል። ኮምፒውተሩም «እንግዲያው ቤንዚን ልጨምር» ብሎ ለአራቱም ሲሊንደሮች ይጨምራል። ጤነኞቹ ሦስቱ የማያስፈልጋቸውን ቤንዚን ይጠጣሉ። አንዱ ሲታመም ሦስቱ ይሰክራሉ እንደማለት ነው። ነዳጅ የምትበላው፣ ጭሷ ዓይን የሚያቃጥለው ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ጋራዥ ሴንሰሩን ሲቀይር የቀየረው እውነቱን የተናገረውን መልእክተኛ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጋራዥ ከመሄዴ በፊት ግን አንድ ሰው አገኘኝ። የምርመራው ግቢ በር ላይ። «ወንድሜ፣ ለምን ትለፋለህ? ስጠኝና ዛሬውኑ ጨርሼ አመጣልሃለሁ» አለኝ። ዋጋውን ነገረኝ። ከመካኒክ ያነሰ ነው። ሌላ አማራጭም ነበረው፤ ካታሊስቱን አስወጥቼ እንድሸጥለት። «እሱ ነው ያፈናት፣ ባዶውን ቱቦ በይደን እናስኬዳታለን፣ አንተም ብር ይተርፍሃል።»

ይህ ሰው ክፉ አይደለም። እንጀራው ነው። እንጀራውን የጋገረለት ግን ያቺ «ወድቋል» የምትባል ባዶ ቃል ናት። ባለ መኪናው ምን እንደሆነ አያውቅም፣ ጋራዡ ሦስት ጊዜ አስከፍሎታል፣ የነገ ሥራው በመኪናው ላይ ነው። እንዲህ ለተያዘ ሰው አቋራጭ ቢሸጡለት ይገዛል። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን፤ እዚህ ግን በሽታውን የሸሸገው በሽተኛው አይደለም፣ ውጤቱን ሳይነግር ያሰናበተው ነው።

ስለ ካታሊስቱ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ወዳጆቼ ሳያውቁ አስወጥተውታልና። ከማርሚታው በፊት ጭስ ማውጫው ላይ ያለችው ያቺ እብጥ ያለች ቆርቆሮ ውስጥ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ሸክላ አለ። ሸክላው በፕላቲነም፣ በፓላዲየምና በሮዲየም በስሱ ተለብጧል። ገዢዎቹ የሚፈልጓት ለእነዚህ ማዕድናት ነው። ሥራዋ ከሞተሩ ያመለጠውን ቤንዚንና ካርቦን ሞኖክሳይድ መልሳ ማቃጠል ነው። ግን ይህን የምታደርገው ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ከሞቀች በኋላ ነው። ሞተሩ ሳይሞቅ የተመረመረ ጤነኛ መኪናም ሊወድቅ የሚችለው ስለዚህ ነው። ሚስ የምታደርግ መኪና ደግሞ ጥሬ ቤንዚን ወደ ውስጧ ስለምትልክ እዚያው ይነድና ሸክላው ይቀልጣል። ቼክ ኢንጂን መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል የሚለው ይህንኑ ነው፤ «ቀስ በል፣ ካታሊስቱን ልታቃጥል ነው።» ቀልጣ ስትዘጋ በእርግጥ መኪናዋን ታፍናለች። ግን አፋኙ ያቃጠላት ሚስ እንጂ እሷ አይደለችም።

ሁለተኛው ጋራዥ አንድ አዛውንት መካኒክና ሁለት ተለማማጆች ያሉበት ጠባብ ቦታ ነው። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡትና «ልጄ፣ ይህን ማን ሰጠህ?» አሉኝ። «ምርመራው ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው። «ለሁሉም ቢሰጡ ምን ነበረበት?» አሉ። ከዚያ ኮፈኑን ከፈቱ።

ያደረጉትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ ለሌላ ሰው ይጠቅማል። መጀመሪያ ኮዱን በመመርመሪያ አነበቡ። ፒ0303 ይላል፤ ሦስተኛው ሲሊንደር ሚስ ያደርጋል ማለት ነው። አላጠፉትም፣ ጻፉት። ቀጥለው የሦስተኛውን ኮይል ነቅለው አንደኛው ላይ ሰኩት፤ የአንደኛውን ሦስተኛው ላይ። አስነስተው ጥቂት ነዱና እንደገና አነበቡ። ኮዱ ፒ0301 ሆኗል። በሽታው ከኮይሉ ጋር ተጉዟል። ባይጓዝ ኖሮ ካንዴላውን፣ ቀጥሎ ቤንዚን የሚረጨውን ኢንጀክተር በተመሳሳይ መንገድ ያዛውሩ ነበር። እስካሁን የወጣ ብር የለም።

እዚህ ላይ ብዙ መካኒክ ኮይል አስገዝቶ ይሸኛል። እሳቸው ግን «ኮይል ዝም ብሎ አይሞትም» አሉ። የካንዴላውን ጉድጓድ በባትሪ አበሩበት። ዘይት ቋጥሯል። የቴስታታው ክዳን ሥር ያለው ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ዘይት ቀስ እያለ ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ የኮይሉን ላስቲክ አብሽቆታል፤ እሳቱ ካንዴላው ጫፍ ሳይደርስ በጎን እየዘለለ ያመልጣል። አዲስ ኮይል ቢገባ ኖሮ እሱም ከጥቂት ጊዜ በኋላ በዚያው ይሞት ነበር።

የአራቱንም ሲሊንደር እምቅታም ለኩ። ተለማማጁ ልኬቱን አይቶ «ጋሼ፣ መጽሐፉ ላይ ካለው ያንሳል» አላቸው። የመለሱለትን አልረሳውም። «መጽሐፉ የተጻፈው ባሕር ዳርቻ ላይ ላለ ሞተር ነው። አንተ ያለኸው አዲስ አበባ ነው። አራቱን እርስ በርሳቸው አወዳድር።» ትክክል ናቸው። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ካለው ወደ ሩብ ያህል ያንሳል። ካርቡራተር ያላቸው የድሮ መኪኖች እዚህ ሳይስተካከሉ ሲነዱ ቤንዚን የሚበዛባቸውና ጥቁር የሚያጨሱትም ለዚህ ነው። የእኔዋን የመሰሉ ኮምፒውተር ያላቸው መኪኖች በሴንሰሮቻቸው ራሳቸውን ያስተካክላሉ፤ ሴንሰሩ እውነት እስከነገራቸው ድረስ።

ሂሳቡ እንዲህ ሆነ። ያገለገለ ኮይል 4,000 ብር። የክዳኑ ጎማ 1,500 ብር። የእጅ 2,000 ብር። በድምሩ 7,500 ብር። የመጀመሪያው ጋራዥ በግምት ከወሰደው 14,600 ብር ግማሽ ገደማ ነው። ሞተሩን አሙቄ ወደ ምርመራው ተመለስኩ። ካርቦን ሞኖክሳይድ 0.3፣ ሃይድሮካርቦን 96፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 14.6፣ ኦክስጅን 0.6። ካታሊስቷ አልሞተችም ነበር።

አሁን ወደ አገሩ ጉዳይ ልመለስ።

«ሕዝቡ ኑሮ ከብዶታል፣ በጭስ ሰበብ ደሞ መኪናውን አታስቁሙበት» የሚል ክርክር አለ። የላዳና የሚኒባስ ሹፌሮችን አነጋግሬ አውቃለሁ፤ ክርክሩን አልንቀውም። ግን ሚስ የምታደርግ መኪና መጀመሪያ የምትዘርፈው ባለቤቷን ነው። ከአራት ሊትር አንዱን ሳያቃጥል በጭስ ማውጫ የሚደፋ ሰው፣ የነዳጅ ድጎማ እየተነሳ ባለበት ዘመን፣ ምርመራው ይቅርልኝ ሳይሆን ምርመራው በትክክል ይንገረኝ ማለት ነው ያለበት። ሁለተኛ የምትዘርፈው ደግሞ መኪና የሌለውን ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ቀኑን ሙሉ መንገድ ዳር የምትቆመው ቆሎ ሻጭ፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ የሚውለው ትራፊክ ፖሊስ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ልጇን ያዘለችው እናት የእኛን ወድቆ ያለፈ ጭስ ይተነፍሳሉ። ለእነሱ አቋራጭ የሚሸጥላቸው ደላላ የለም።

ሌላው ክርክር «ኤሌክትሪክ ሲበዛ ይሄ ሁሉ ያበቃል» የሚል ነው። ኤሌክትሪኩ ይምጣ፣ እሰየው። ግን ሳይለካ የሚቀይር፣ ኮድ አጥፍቶ የሚሸኝ የጋራዥ ባህል በባትሪ መኪና ላይ አይሻሻልም፤ ስህተቱ ይወደዳል እንጂ። ካንዴላ በግምት መቀየር 3,600 ብር ነው። ባትሪ በግምት መቀየር የመኪናውን ግማሽ ዋጋ ሊሆን ይችላል።

የምጠይቀው አዲስ ሕግ አይደለም፤ አዲስ ማሽንም አይደለም። ማሽኑ አለ፣ ቁጥሩም እየወጣ ነው።

አንደኛ፣ ወድቆም ሆነ አልፎ የሚወጣ ሁሉ የልኬቱን ወረቀት ይቀበል፤ ከጎኑም ጣሪያው ስንት እንደሆነ በአማርኛ ይጻፍበት። ደም ተመርምሮ «ታመሃል» ብቻ ተብሎ የሚሸኝ ሰው የለም።

ሁለተኛ፣ በቴክኒክና ሙያ ተቋማት ለሚሠለጥኑ ወጣቶች የአራቱ ጋዞች ንባብ ከቁልፍ አያያዝ እኩል ይሰጥ። አዛውንቱ መካኒክ በልምድ ያወቁትን ሃያ ዓመት ሳይጠብቁ ማወቅ ይችላሉ።

ሦስተኛ፣ ምርመራው ካታሊስቱ በቦታው መኖሩን ጎንበስ ብሎ ይይ። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ባዶ ቱቦ ያለፈበት ምርመራ ምርመራ አይባልም።

ይህ እስኪሆን ደግሞ እኛ ማድረግ የምንችለው አለ። መኪናችሁን ሞተሯ ሞቆ ውሰዷት። ወረቀቱን ጠይቁ። ጋራዥ ስትሄዱ «ምን ትቀይራለህ?» ከማለታችሁ በፊት «ምን ለካህ?» በሉ። መብራቱን ያጠፋላችሁን ሳይሆን ለምን እንደበራ የነገራችሁን ክፈሉት። ጥቁር ጭስ የነዳጅ መብዛት፣ ሰማያዊ ጭስ የዘይት መቃጠል፣ ሞተሩ ሞቆም የማይጠፋ ነጭ ጭስ የውሃ መግባት ምልክት መሆኑን ለልጆቻችሁም ንገሯቸው።

የእናንተ መኪና ወድቃ ታውቅ እንደሆነ፣ ወረቀቱም ተሰጥቷችሁ እንደሆነ ከታች ጻፉልኝ። በተለይ መካኒኮች ካላችሁ፣ የሳትኩት ነገር ካለ አርሙኝ፤ ጉዳዩ የሁላችንም ሳንባ ነው።

መልካም ሳምንት።